የጉንፋን ክትባት በደሴ፦ ማቀዝቀዣው አስተማማኝ፣ ቃሉ ግን የበዛ

ባለፈው ኅዳር እናቴን ይዤ ደሴ ከሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አስከተብኋት፤ እኔም ተከተብሁ። ዕለቱ ኅዳር 12 ስለነበር ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ በቆሻሻ ጭስ ታፍኗል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ ትውስታ ነው፤ ያም በሽታ ክትባቱን ፍለጋ የወጣንለት ኢንፍሉዌንዛ ራሱ ነበር። አስም ያለባት እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ጉንፋኑ ሳይደርስብኝ ማባረሪያው ሊገድለኝ ነው» ማለቷ አልቀረም።

ክሊኒኩን የመረጥሁት መስከረም ላይ ብቻዬን ሄጄ በጠየቅሁ ጊዜ ባገኘሁት መልስ ነው። ነርሷ የቀራቸው ክትባት ያለፈው ዓመት እንደሆነ ነግራኝ አዲሱ እስኪገባ እንድታገሥ መከረችኝ። ገበያ ይሻላል ብላ አሮጌውን ልትወጋኝ ትችል ነበር። ቫይረሱ በየጊዜው መልኩን ስለሚለውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ደግሞ ለደቡቡ የምድር ክፍል፣ በክትባቱ የሚካተቱትን ዝርያዎች ይመርጣል። አብዛኛው ክትባት ዛሬም በዶሮ እንቁላል ውስጥ በሚራባ ቫይረስ ስለሚሠራ ከምርጫው እስከ ሥርጭቱ ስድስት ወር ያህል ይወስዳል፤ በዚህ መሀል ቫይረሱ ከተለወጠ ክትባቱ ዒላማውን ይስታል።

ነርሷ ሳልጠይቃት የክትባቱን ማቀዝቀዣ ከፍታ ማሳየቷን ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ። ቴርሞሜትሩ 4 ዲግሪ ያነባል፤ በሩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚሞላ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቅጽ ተለጥፏል፤ ሣጥኖቹ ከማቀዝቀዣው የጀርባ ግድግዳ ራቅ ብለው ተደርድረዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ሲሆን ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶም ያበላሸዋል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። (የእንግዳ መቀበያው ወንበር ግን ለአረጋውያን የሚሆን አይደለም።)

ቅሬታዬ ከመርፌው በኋላ በተነገረን ቃል ላይ ነው። ነርሷ እናቴን «ከእንግዲህ ጉንፋን አይነካዎትም፣ እማማ» አለቻት። እኛ «ጉንፋን» እያልን የምንጠራው የብዙ ቫይረሶች ሥራ ነው፤ ክትባቱ የሚከላከለው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው፣ እሱንም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ዝርያው በደንብ በገጠመበት ዓመት ሰውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን ሕመም ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል፤ ባልገጠመበት ጊዜ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014/15 ወቅት፣ ወደ 19 በመቶ ወርዶ ነበር። ጥበቃው የሚጀምረውም ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ይህን ሊያስረዱን አንድ ደቂቃ ይበቃቸው ነበር።

የተፈራውም ደረሰ። ጥር ላይ እናቴን ንፍጥና ሳል ያዛት፤ ዳማከሴ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች «ገንዘባችሁን ውሃ በላው» ብለው ፈረዱ። ትኩሳት አልነበራትም፣ በአምስተኛው ቀንም ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ተራ ጉንፋን ያለ ምርመራ አይለይም፤ ክትባቱ ግን ያላገባውን ቃል በማጠፍ ተወቀሰ። ለአስም ሕመምተኛና ለአረጋውያን ትልቁ ጥቅሙ በሽታው ቢይዝ እንኳ እንዳይጠና፣ ወደ ሳንባ ምች እንዳይሻገር ማገዙ ነው፤ እኔም የከፈልሁት ለዚህ ነው።

ዋጋው አስቀድሞ አልተለጠፈም፤ ሲነገረንም አንድ የቀን ሠራተኛ በቀላሉ የሚከፍለው አልነበረም። የክትባት ካርዱ ላይ የምርቱን መለያ ቁጥር የጻፉልኝ ስጠይቅ ነው፤ ድንገት አለርጂ ቢነሣ እንዲታይ ተወግተን 15 ደቂቃ ያህል እንድንቆይም አልነገሩንም።

ወደፊት እንቁላል የማያስፈልገው የኤምአርኤንኤ ዘዴ (የቫይረሱን ክፍል ሰውነት ራሱ እንዲሠራ መመሪያ የሚሰጥ ክትባት) የዝግጅቱን ጊዜ ያሳጥረዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ በየዓመቱ መወጋትን የሚያስቀር፣ የቫይረሱን እምብዛም የማይለወጥ ክፍል የሚያጠቃ ክትባትም በምርምር ላይ ነው። እስከዚያው በመጪው ጥቅምት እዚያው ክሊኒክ እንመለሳለን። ለማቀዝቀዣው ከአምስት አምስት፣ ለገለጻው ሁለት ሰጥቻለሁ።