ባዶ ፒካፕ በርጥብ አስፋልት፦ ለጎጃም ክረምት የትኛው ይሻላል?

ክረምት ላይ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መንገድ ፒካፕ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ካሶኒው ባዶ ነው፣ አስፋልቱ ርሷል፤ ከኩርባው ስትወጣ ነዳጅ ረገጥ ስታደርግ አፍንጫው መንገዱን ይዞ ኋላው ወደ ቦዩ ይሸሻል። እኔንም ባለፈው ሐምሌ አማኑኤል ሳልደርስ እንዲሁ አዞረኝ። ጥፋቱ የእግሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ደብል ጋቢና ልግዛ፣ ሃይሉክስ፣ ዲማክስ ወይስ ኤል 200 ብሎ የሚያማክረኝን ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ሳይሆን ስለ ኋላ ጎማው ነው የምጠይቀው።

ሞተሩም ካምቢዮውም ያሉት ፊት ነው። ኋላ ያለው ባዶ ካሶኒና ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ደረቅ ባሌስትራ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ቀላሉ በኩል ነው። የድሮዎቹ ፒካፖች ደካማ ስለነበሩ ይህን አያሳዩም ነበር፤ የአሁኖቹ ቱርቦ ናፍጣዎች ግን ገና በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ጉልበታቸውን ያወጣሉ።

ባለ 2.8 ሊትሩ ሃይሉክስ አውቶማቲክ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል አለው፤ መጎተቱም በደቂቃ ከ1,600 የሞተር ዙር ጀምሮ ነው። ዲማክስ ባለ 3.0 ሊትሩ 190 እና 450 ነው፤ እሱም ከ1,600 ይጀምራል። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ባለ 2.4 ሊትሩ ደግሞ 181 እና 430፤ ጫፍ የሚደርሰው ግን በ2,500 ዙር ነው። ወረቀት ላይ ሃይሉክስ ይበልጣል፤ ዝናብ ላይ ግን ከሁሉ ይልቅ ለስላሳ እግር የሚፈልገው እሱ ነው። (መልሶ ለመሸጥ የሚተካከለው የለም፣ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።)

ትልቁ ልዩነት ፎር ዊሉ ላይ ነው። ሃይሉክስና ዲማክስ 4ኤች (አራቱም ጎማ የሚነዳበት) ሲገባባቸው የፊቱንና የኋላውን እኩል አስረው ያዞራሉ። በቢቸና በኩል ጥቁር አፈር ላይ ወርዶ ጭቃ ለሚቀዝፍ ይህ ወርቅ ነው። የዓባይ በረሃ ጥምዝምዝ ላይ ግን የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ስለሚዞር ሁለቱ ይታገላሉ፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናውም ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ሹፌሩ አስፋልት ላይ ወደ 2ኤች፣ የኋላ ጎማ ብቻ ወደሚነዳበት፣ ይመልሰዋል፤ ኋላው የሚሸሸውም ያኔ ነው። ቁልቁለት ላይ በ2ኤች ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮን ድንገት መልቀቅም ያው ነው፤ ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ይንሸራተታሉ።

ሱፐር ሴሌክት የሚባለው የፎር ዊል ዓይነት ያለው ኤል 200 መሀል ላይ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ዲፈረንሻል ስላለው 4ኤችን አስፋልት ላይም ክረምቱን ሙሉ መንዳት ይቻላል። ሁሉም ኤል 200 ግን ይህ የለውም። መለያው ቀላል ነው፦ መቀየሪያው ላይ አራት ቦታ ካለ ሱፐር ሴሌክት ነው፣ ሦስት ከሆነ እንደ ሌሎቹ ነው። ሻጩ «ፎር ዊል ነው» ቢላችሁ አትርኩ፣ ቁጠሩት።

ቀጥሎ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ነው፤ ኋላው መሸሽ ሲጀምር ጉልበት ይቀንስና አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን ይይዛል። ቁልፉ ሲዞር የምትንሸራተት መኪና ምስል ዳሽቦርዱ ላይ መብራት፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ ወይ የለውም ወይ አምፑሉ ተነቅሏል።

ጎማው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለጭቃ ብሎ ትልልቅ ጥርስ ያለውን ይገዛል፤ እሱ ግን ርጥብ አስፋልት ላይ ከተራው የባሰ ይንሸራተታል። ዘጠኙን ቀን አስፋልት፣ አንዱን ቀን ጭቃ ለሚነዳ መካከለኛው፣ ኤ ቲ የሚባለው ይበቃል። ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ውኃ ማስወጣቱ ይደክማል። ጎኑ ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞችም አንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለጭነት ብለው ኋላውን አጥብቀው ነፍተው ባዶውን ለሚነዱ ጎሚስታው ንፋሱን ቀነስ ያድርግላቸው።

እኔ ብሆን ሥራዬ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ከሆነ ሱፐር ሴሌክቱን ኤል 200 እወስዳለሁ። የገጠር ጭነት ካለብኝ ዲማክስን፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ያለውን። ሃይሉክስ የምለው ሁለቱም ሲጠፉ ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ የምሸጠው ከሆነ ነው፤ ያኔም ካሶኒው ውስጥ ከኋላ አክስሉ በላይ ሁለት ጆንያ አሸዋ አጥብቄ አስሬ ነው ክረምቱን የምወጣው።