ታይሚንግ ላይት፦ ኮምፒውተር የሌላትን መኪና ለሚመረምር ሰው

ይህ ግምገማ ስለ አንድ ዋጋው ቀላል መሣሪያ ነው፤ የካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው ክፍል) ገመድ ላይ ተቆንጥጦ የኤሌክትሪክ ምት ባለፈ ቁጥር ቦግ ስለሚለው ታይሚንግ ላይት። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሞተር ታይሚንግ፣ ማለትም እሳቱ የሚወጣበት ቅጽበት፣ ሲስተካከል ነው። እኔ የገዛሁት ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ አልፎ አልፎ ሚስ የሚያደርግ (ለቅጽበት የሚቆራረጥ) ሞተር ችግሩ ከእሳት ይሁን ከነዳጅ ለመለየት። ለዚህ ሥራ የሚስተካከለው አላገኘሁም፤ መኪናዋ በእጅ የተሠራች ስትሆን ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል።

የእኛዋን መኪና ወንድሜና እኔ ከአንድ ጎበዝ በያጅ ጋር ሠራናት። ሻንሲዋ የአሮጌ ቮልስዋገን ቢትል ነው፤ ቦዲዋ ከቱቦላሬና ከላሜራ የተበየደ፣ ጣሪያ የሌለው። ከኋላ ያለው ሞተር በአየር የሚቀዘቅዘው 1600 ነው፤ ትክክለኛ መጠኑ 1584 ሲሲ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል አንድ ካርቡሬተር፣ የባትሪውን ኃይል ለእሳት ወደሚበቃ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር አንድ ኮይል፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍልና ኮንታክት ፖይንት (የኮይሉን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያለው ዲስትሪቢዩተር፤ በቃ። ስካነር የሚሰካበት ቦታ የለም፤ የብልሽት ኮድ የሚመዘግብ ኮምፒውተርም የለም። የፋብሪካው መጽሐፍ ስለ ሞተሩ ይነግረናል፤ ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ የሚያሳየው ሥዕል ግን እኛ ደብተር ላይ ብቻ ነው ያለው።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ትረጋጋለች፤ ሜዳ መንገድ ላይ እንከን የላትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ፣ ሞተሩ ሲግል፣ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተች ሳለ ድንገት ኃይሉ ይቆረጣል። ተሳፋሪው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ወዲያው ሞተሩ እንደገና ይይዛል። ከዚያ ለረጅም መንገድ ምንም ላይኖር ይችላል። ጋራዥ ስትገባማ ጤነኛ ናት።

ያዩዋት መካኒኮች ሁሉ ጣታቸውን ወደ ካርቡሬተሩ ቀሰሩ። ምክንያታቸው ባዶ አልነበረም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚቀላቅለው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ይበዛል፤ ሞተሩም ይከብዳል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ድካም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ኃይልን በአንድ ቅጽበት ቆርጦ በሌላው ቅጽበት ሙሉ አድርጎ የሚመልስ ነገር፣ እኔ እስከማውቀው፣ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ካርቡሬተር ለውጦ ዕድልን ከመጠበቅ በዓይን የሚያሳይ ነገር መግዛት መረጥሁ። ሶማሌ ተራ ከሚገኙት የመለዋወጫ ሱቆች በአንዱ አገኘሁት፤ ዋጋው ከአዲስ ካርቡሬተር በእጅጉ ያነሰ ነበር።

መሣሪያው ሽጉጥ መሰል ነው። ሦስት ገመዶች ይወጡለታል፤ ቀዩ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ላይ ይያዛል፤ ሦስተኛው ጫፉ ላይ መቆንጠጫ አለው። መቆንጠጫው የካንዴላውን ገመድ ከውጭ ያቅፋል እንጂ የሚነቀል ወይም የሚበሳ ነገር የለም። ገመዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምት ሲያልፍ ይሰማዋል፤ መብራቱም በዚያው ቅጽበት ይበራል። መቆንጠጫው ላይ ያለችው ቀስት ወደ ካንዴላው መዞር አለባት። ቃታውን ስትጫኑ ብቻ ይሠራል።

የምርመራው ሐሳብ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሲቆራረጥ መብራቱ ካልተቋረጠ ወደ ነዳጁ ወይም ወደ ቫልቮቹ ሂዱ። መብራቱም አብሮ ከጠፋ ችግሩ የእሳት ነው። እዚህ ላይ ግን ሻጮች የማይነግሩት አንድ ጉዳይ አለ፤ የሚጠፋበት ሁኔታ ራሱ ይናገራል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 900 ዙር ቢዞር፣ እያንዳንዱ ካንዴላ በሰከንድ የሚያገኘው ሰባት ወይም ስምንት ብልጭታ ነው፤ አንዷ ብትጎድል ዓይን ያያታል። 3,000 ዙር ላይ ግን በአንድ ካንዴላ ገመድ 25፣ ከኮይሉ በሚወጣው ወፍራም ገመድ ደግሞ በሰከንድ 100 ብልጭታ ያልፋል። እዚያ ፍጥነት ላይ አንድ ብልጭታ ብትጎድል አትታይም። ጨለማ ካያችሁ ብዙ ብልጭታዎች ተከታትለው ጠፍተዋል ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ካንዴላ ይልቅ ለሁሉም እሳት የሚያቀርበውን መስመር ያስጠረጥራል።

መጀመሪያ ሚኒሞ ላይ አራቱንም ገመዶች ተራ በተራ አየሁ፤ በእሳት አወጣጣቸው ቅደም ተከተል፣ 1-4-3-2። ሁሉም ደኅና ነበሩ። ስለዚህ ፈተናው ችግሩ በሚታይበት ዳገት ላይ መደረግ ነበረበት፤ የእኛ መኪና ክፍት መሆንም እዚህ ላይ ጠቀመን። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ መሣሪያውን ይዞ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። ገመዶቹን ከቺንጊያውና ከፑሌው አርቀን በደንብ አስረናቸዋል፤ ይህን ሳታደርጉ ሞተር አታስነሡ። መቆንጠጫውን የኮይሉ ገመድ ላይ አደረግን። ሰዓቱ ምሽት ስለነበር ብርሃኑ የሞተሩ ሽፋን ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር።

ዳገቱ መሐል ላይ መኪናዋ ስትቆረጥ «ጋሼ፣ ጠፋ! አሁን መጣ!» አለኝ። ቀጥሎም ደግሞ ጠፋ። ሞተሩ በያዘ ቁጥር መብራቱ ይመለሳል፤ በለቀቀ ቁጥር ጨለማ። ካርቡሬተሩ ነጻ ወጣ።

ከኮይሉ ገመድ ላይ እሳት ሲጠፋ የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች ኮይሉ፣ ኮንታክት ፖይንቱ፣ ኮንዴንሰሩ (ከፖይንቱ ጋር አብሮ የሚሠራው ትንሽ ክፍል) እና ለኮይሉ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ናቸው። ታይሚንግ ላይቱ እነዚህን አይለይም፤ ከዚህ በኋላ ያለው የአንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት አምፖል ሥራ ነው። አምፖሉን ኮይሉ ላይ 15 ተብሎ በተጻፈበት፣ ኃይል በሚገባበት ተርሚናልና በማሳ (በመኪናዋ ብረት) መካከል አሰርን። በቀጣዩ ዳገት ሁለቱም መብራቶች እኩል ጠፉ። ኃይሉ ኮይሉ ጋ ሳይደርስ ይቀር ነበር ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል አንድ ጊዜያዊ ሽቦ ወደ 15 ቁጥር ዘረጋን፤ ሞተሩ ዳገቱን ያለ አንዳች መቆራረጥ ወጣው። (እንዲህ ስታደርጉ ሞተሩን ቁልፍ አያጠፋውም፤ ጊዜያዊውን ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ተሰክቶ ቢቀር ኮይሉን ሊያቃጥለው ይችላል።)

ጥፋተኛው ከቢትሉ ጋር የመጣው የጥንቱ ጥቁር ሽቦ ነበር። ወደ ሞተሩ ክፍል በሚገባበት ቦታ፣ በጎማ ቀለበቱ በኩል ሲያልፍ ይታጠፋል። ፕላስቲኩ ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። በምላጭ ስሰነጥቀው ግን ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ከቀጫጭኖቹ ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው ዱቄት ሆነዋል፤ ሁለት ሦስቱ ብቻ ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ። ሞተሩ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት በመቀመጫው ላይ ዘንበል ይላል፤ ሽቦውን ይስባል፤ ክሮቹ ይላቀቃሉ። ሚኒሞ ላይ የሚስባቸው የለም። ጋራዥ ውስጥ ቆማ እስከተመረመረች ድረስ ይህ ሽቦ ፈጽሞ አይገኝም ነበር። ከቁልፉ እስከ ኮይሉ ያለውን መስመር በሙሉ በአዲስ ሽቦ ተካነው፤ መቆራረጡም ቆመ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የባትሪ ገመዶቹ አጭር ናቸው። እኛ ክብደት ለማመጣጠን ባትሪውን ፊት ለፊት ስላደረግነው ከኋላው ሞተር ሊደርሱ አልቻሉም፤ ከሞተር ብስክሌት የተወሰደ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ አጠገብ አስረን ሠራን። ይህ ሌላ ጥቅም ሰጠን፤ መብራቱ ኃይሉን ከመኪናዋ ስለማያገኝ የመኪናዋ ሽቦ ችግር አያደናግረውም። ሰውነቱ ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ቢያርፍ የሚተርፍ አይመስለኝም። ረጅም ጊዜ ቃታው ከተያዘ ራሱም ይግላል። ከኋላው ያለው የዲግሪ መዞሪያ ደግሞ ላላ ብሎ ስለሚንሸራተት አላምነውም። እንደኛ ቦሽ 009 ዲስትሪቢዩተር ያለው ሰው ከፍተኛውን አድቫንስ (እሳቱ ቀድሞ የሚወጣበትን መጠን) ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ውስጥ ማድረግ ሲፈልግ፣ ዲግሪ የተቀረጸበት ፑሌ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ሌላው ገደብ ከጥራት ጋር አይያያዝም፤ ግን ካልታወቀ ያሳስታል። መብራቱ የሚነግራችሁ በገመዱ ውስጥ ምት ማለፉን ብቻ ነው። ካንዴላው በካርቦን ተሸፍኖ ወይም ሸክላው ተሰንጥቆ እሳቱ በሌላ መንገድ ወደ ማሳ ቢሸሽም መብራቱ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ሳይቋረጥ ቢበራም ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ካንዴላ ላይ የራሱ ኮይል የተደፋበት አዲስ መኪና ያላችሁ ደግሞ መቆንጠጫው የሚያቅፈው ገመድ ስለሌላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ ለእናንተ ስካነር ይበጃል።

ቢትል፣ አሮጌ ቶዮታ ወይም እንደኛ በእጅ የተሠራች ባለ ካርቡሬተር መኪና ያለው ሰው ግን ኮይል፣ ካንዴላና ካርቡሬተር እየተፈራረቀ ከመለወጡ በፊት ይህን ይግዛ እላለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያሉንን አሮጌ ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመት እየጠገንን እንቆያለን። ሱቁ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት መቆንጠጫውን ከፍታችሁ ሁለቱን ጥቁር ፊቶች እዩ፤ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ መገጣጠም አለባቸው፤ ክፍተት ካለ ጤነኛ ሞተር ላይም መብራቱ አንዳንዱን ምት ሳያሳይ ያልፋል። ደጅ ከቆሙት መኪናዎች ባለ ዲስትሪቢዩተር የሆነ አንዱን አስነሥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እኔ የገዛሁበት ሱቅ ባለቤት ሳያንገራግሩ በራሳቸው መኪና አሳይተውኛል፤ ከቀረቡልኝ ሁለት መሣሪያዎች አንዱ በዚያች ፈተና ወድቆ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።