የጎንደሩ የኢንተርቪው አዘጋጅ ቢሮ፦ ወረቀቱ ላይ ጎበዝ፣ ልምምዱ ላይ አደገኛ

ባሏ አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ እህቴ የኢምባሲ ቀጠሮዋ በደረሰ ጊዜ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጉዳይ አስፈጻሚዎች አንዱ ፋይሏን እንዲያደራጅላትና ለኢንተርቪው እንዲያዘጋጃት በቤተሰብ ተስማምተን ከፈልን። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ የታዘብኩት ነገር የእሱ ብቻ አይመስለኝም። አገልግሎቱ ሁለት ነው፤ ሰነድ ማደራጀትና የቃለ መጠይቅ ልምምድ። በመጀመሪያው የተከፈለው ብር አያስቆጭም፤ ሁለተኛውን ግን በነጻ ቢሰጡ እንኳ መቀበል አይገባም ባይ ነኝ።

ጸሐፊዋ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን፣ ፓስፖርቱንና የተሞላውን ዲኤስ-260 የተባለውን የኢሚግራንት ቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ በእርሳስ እየጠቆመች ፊደል በፊደል አመሳከረች። ሠርጉ የተፈጸመው ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ትርጉም ቤቱ ይህን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ብሎ መልሶታል፤ ባልየው ግን በቅጹ ላይ ጃንዋሪ 21 ብሎ ሞልቷል። እሷም ቀና ብላ «ሠርጉ እሑድ አልነበረም እንዴ? ይሄ እኮ ቅዳሜ ነው» አለች። ልክ ነበረች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ነበር፤ በዚህ የተነሳ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሎ፣ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ተገፍቷል። በዚያ ዓመት ቃና ዘገሊላ እሑድ መዋሉን ጎንደር ውስጥ የማያስታውስ ሰው ባይኖርም፣ በልማድ የሚቆጥር ተርጓሚ በቀላሉ ይስተዋል። ትርጉሙ በዚያው ሳምንት ታርሞ መጣ። እንዲህ ያለ የቀን ልዩነት ጉዳዩን 221ጂ በሚባለው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ «ተጨማሪ ሰነድ አምጡ» አሰኝቶ ሊያዘገየው ይችል ነበር።

በፎቶግራፍ ምርጫም ብልህ ናት። የከተማችን ፎቶ አንሺዎች ሙሽራን ሁሉ ፋሲል ግቢ ወስደው እዚያው ግንብ ሥር ስለሚያቆሙ አልበሞቻችን እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ከእነዚያ ሁለት ሦስቱን ብቻ አስቀርታ፣ ሽማግሌ የተላከበትን፣ የመልሱን ዕለትና ባልየው ከሠርጉ በኋላ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ከእናታችን ጋር ቡና ሲጠጣ የተነሳውን፣ ደብዘዝ ያለውንም ጭምር፣ በቀን ቅደም ተከተል አስገባች።

ልምምዱን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። «እንዴት ተዋወቃችሁ?» ብሎ ጠየቃት። እህቴ እውነቱን ነገረችው፤ የባልየው አክስት ጎረቤታችን ናት፣ ያገናኘቻቸው እሷ ናት፣ ከዚያ በስልክ ሲነጋገሩ ቆይተው ነው የመጣው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና «አይሆንም እህቴ፤ በዘመድ የተገናኘ ለወረቀት ይመስላል። ከድሮ ጀምሮ በፌስቡክ እንተዋወቃለን በዪ» አላት፤ ቀጥሎም የሚሸመደድ የጥያቄና መልስ ወረቀት ሰጣት። ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ወረቀት መሆኑ ያስታውቃል፤ አንዱ መልስ ላይ የሌላ ሰው የሠርግ ከተማ ሳይሰረዝ ቀርቷል።

ይህ ስንፍና ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። አመልካቹ ቃለ መጠይቁን የሚሰጠው ምሎ ነው፤ በፍሬ ነገሩ ላይ ሐሰት ተናግሮ የተገኘ ሰው በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ቪዛ ሊከለከል ይችላል። ከዚህም በላይ ባልየው ሚስቱን ለመውሰድ ከሞላው አይ-130 ከተባለው ማመልከቻ ጋር ያስገባው የትውውቅ ታሪክ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሚስት ሌላ ታሪክ ስትናገር እውነተኛው ጋብቻ ራሱ ሐሰተኛ ይመስላል። በዘመድ ተገናኝቶ መጋባት ለአዲስ አበባው ቆንስላ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሚስት የባሏን ስም አለመያዟም እንዲሁ። ይልቅ ባል የት እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ከሆነ እንዴት እንደተፋታ ከራሱ ጠይቆ ማወቅ ይጠቅማል። እህቴ ወረቀቱን ለሰውየው መልሳ፣ ማታ ማታ ከባሏ ጋር በስልክ እየተጨዋወቱ ያለፈውን ማስታወስ መረጠች። ጥያቄውም በአማርኛ ስለሚቀርብ ለቋንቋው የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

የክፍያውን ነገር አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ለቢሮው የሚሰጠው ብር ለአሜሪካው ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል በኢንተርኔት የሚከፈለውን 325 ዶላር የማመልከቻና 120 ዶላር የስፖንሰር ሰነድ ክፍያ አይጨምርም፤ እኛ ዘንድ ይህ የተነገረው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ሜዲካሉም ኢምባሲው በመደባቸው ሐኪሞች ብቻ አዲስ አበባ የሚደረግ ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ የሚደረግ ምርመራ አያገለግልም። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሜሪካ የሚገባ ሰው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ሊያበቃም 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ የሁለት ዓመት ገደቡን ለማስነሳት አይ-751 የተባለው ማመልከቻ መግባት እንዳለበት ግን ከቢሮው አንድም ሰው አላነሳልንም፤ ከባልየው ነው የሰማነው።

ወደዚህ ቢሮ የሚሄድ ሰው የሰነዱን አገልግሎት ብቻ እንደሚፈልግ ከመክፈሉ በፊት ይናገር፤ ካልተናገረ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ያስከፍላሉ። ዋና ሰነዶችን ለማመሳከር ሲቀበሉ ደረሰኝ የመስጠት ልማድ ስለሌላቸው፣ የተረከቡትን ዘርዝረው እንዲፈርሙ መጠየቅ ይገባል። እኛ ስንጠይቅ ቅር ሳይላቸው ፈርመዋል።