ስምንት ወር ከስቴሪዮ ማይክሮስኮፔና ከጥቃቅን ዝንቦቼ ጋር

ይህን ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ (በሁለት ዓይን የሚታይበትን ማጉያ) ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ከ7 እስከ 45 እጥፍ ያጎላል፤ ሌንሱን የሚከብ የኤልኢዲ መብራትም አብሮት መጥቷል። የገዛሁት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር የምታክል ዝንብ ለመለየትና አዘጋጅቼ ለማስቀመጥ ነው። ማይክሮስኮፑን ወድጄዋለሁ። መብራቱን ግን አልወደድኩትም።

ከመብራቱ ልጀምር፣ ብዙ ጊዜዬን የበላው እሱ ነውና። የዝንብ ገላ ያብረቀርቃል። ስለዚህ አምፖሎቹ አንድ በአንድ ደረቷ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነው ያርፋሉ፤ እኔ የምፈልጋቸው ጠጉሮች ደግሞ ልክ እዚያው ናቸው። ጠጉር ስላችሁ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የትኛው ጠጉር የት እንደበቀለ፣ ወደየት እንዳዘነበለ ካላያችሁ ብዙዎቹን ዝንቦች በየቤተሰባቸው፣ ማለትም በየዝርያ ምድባቸው፣ መለየት አትችሉም። ለሦስት ሳምንት ያህል የማጉላት አቅሙ ያነሰ መስሎኝ ተጨማሪ ሌንስ ልገዛ ነበር። በኋላ የነጭ ፕላስቲክ ኩባያ ታችኛውን ቆርጬ ጣልኩና ቀሪውን በናሙናው ዙሪያ እንደ አጥር አቆምኩት፣ ከዚያ የጠረጴዛ መብራት ከጎን አበራሁበት። በቃ! ጠጉሩም ክንፉ ላይ እንደ መስመር የተዘረጋው ሥርም ወለል ብሎ ታየኝ።

ያን ቀን ድሮሶፊላ (የበሰለ ፍራፍሬ ላይ የሚያንዣብቡት ትንንሽ ዝንቦች) ብዬ ያስቀመጥኳቸውን እንደገና አወጣኋቸው። ከመካከላቸው ጀርባቸው የጎበጠ፣ የኋላ ጭናቸው የወፈረ፣ ወፍራሞቹ የክንፍ ሥሮቻቸው ወደ ፊተኛው ጠርዝ የተሰበሰቡ አገኘሁ። ፎሪዴ የሚባለው ሌላ የዝንብ ቤተሰብ ናቸው! ድሮሶፊላ ቢሆኑ ኖሮ አንቴናቸው ላይ ያለው ቀጭን ጠጉር ቅርንጫፍ ያወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ያየሁት በ30 እጥፍ ነው። 45ን የምነካው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

በጣም የወደድኩት ከሌንሱ እስከ ናሙናው ያለውን ክፍተት ነው። አሥር ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት እጄን ከነወረንጦው አስገብቼ እንደልብ እሠራለሁ። ዝንቧን አልኮል ባለበት ትንሽ ሳህን ውስጥ፣ ንጹሕ ደቃቅ አሸዋ ላይ በፈለግኩት ጎን አስተኛታለሁ፤ አሸዋው ይዞ ያቆማታል፣ ነጸብራቁም ይቀንሳል።

በአምስተኛው ወር ፎከሱ ላልቶ የማይክሮስኮፑ ራስ በራሱ መንሸራተት ጀመረ። አንድ ጊዜ ወርዶ ናሙና ሊጨፈልቅብኝ ለጥቂት ነው የተረፈው። ለሻጩ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እጀታዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሳጠብቃቸው ተስተካከለ። መመሪያው ላይ ይህ አልተጻፈም፣ መጻፍ ነበረበት።

ስለ ማስቀመጡም ልንገራችሁ። ትንንሾቹን ከአልኮል አውጥቼ ዝም ብዬ ሳደርቃቸው ዓይናቸው ይሰረጉዳል፣ ክንፋቸው ይጨማደዳል፤ ስንቱን አበላሸሁ! አሁን አብዛኞቹን በ70 እና በ80 በመቶ መካከል ባለ ኢታኖል ብልቃጥ ውስጥ እተዋቸዋለሁ። ለዲኤንኤ የሚፈለግ ከሆነ 95 በመቶ ይሻላል፣ ግን ገላው ስለሚደርቅ ሲነኩት በቀላሉ ይሰበራል። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፌ ወረቀቱን እዚያው ብልቃጡ ውስጥ እከታለሁ። በእስክሪብቶ የጻፍኳቸው ቀለማቸው አልኮሉ ውስጥ ሟሟ፤ የአንድ ሙሉ ቀን ስብስቤ የት እንደተያዘ አሁን ማወቅ አልችልም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ ማይክሮስኮፕ ነው የምገዛው። መብራት የሌለበት ካገኘሁ ግን እሱን ወስጄ፣ በተረፈው ገንዘብ ጫፉ የሾለ ጥሩ ወረንጦ እጨምርበታለሁ።