ከአያት ወዲያ ያለው ጂም፦ ሰው ጀምሮ የማይጠፋበት

አያት፣ ጣፎና በዚያ ዙሪያ ለምትኖሩ ነው ይሄ። ጂም ፍለጋ ቦሌ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈራችንን እዩት። ቅሬታም ስለማነሳ ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ከቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ በባጃጅ ገባ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው።

ብዙ ማሽን አትጠብቁ። ትሬድሚሉ ሁለት ነው፣ አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ ነው የሚቆየው። ብስክሌቱ ደህና ነው፣ ብረትም በቂ አለ። ጄነሬተር የላቸውም። መብራት ሲጠፋ አሰልጣኙ ሁላችንንም ሰብስቦ ስኳትና ፑሽ አፕ ያስጀምረናል እንጂ ወደ ቤት የሚሄድ የለም።

የምወደው ለሌላ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ሰውን ስፖርት የሚያስተወው መንገዱ ነው። መገናኛ ታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ሰፈሩ የደረሰ ሰው ቦርሳውን አስቀምጦ አንድ ሰዓት ብረት አንሳ ቢባል አቅሙን ከየት ያመጣዋል? አሰልጣኙ ይሄን ያውቃል። ስትመዘገቡ ስንት ሰዓት ቤት እንደምትገቡ፣ ስትሠሩ ቁጭ ብላችሁ እንደምትውሉ ወይ ቆማችሁ፣ ጉልበትና ወገባችሁን ያማችሁ እንደሆነ፣ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባችሁ ይጠይቃል። ከዚያ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ይፈቅድላችኋል። በየቀኑ ልምጣ የሚለውን አዲስ ገቢ እሺ አይለውም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነቱን የጨረሰ ወሩ ሳያልቅ ይጠፋል ባይ ነው፣ እኔም ሌላ ቦታ በዓይኔ ያየሁት ይሄንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ነው። ጂም ያልሞላውን ደቂቃ ባጃጁን ትተን በእግር እየገባን እንድንሞላው ያደርገናል። የኮንዶሚኒየሙንም ደረጃ ቤት ስንገባ አንድ ዙር ጨምረን እንድንወጣው ያዘናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንድ ማድረጉ ነው። አንድ ብሎክ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን ያጣምራል፣ አንዱ ሲቀር የሚደውለው ሌላው ነው። ለአሰልጣኝ "ዛሬ አልተመቸኝም" ማለት ቀላል ነው። በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ጎረቤት ግን በጣም ይከብዳል። የኔ ጥንድ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ደክሞኝ ሲያዩኝ "ተነሺ ልጄ፣ አስር ደቂቃ ብቻ ሠርተን እንመለሳለን" ይሉኛል። አንዴ ከገባን በኋላ በአስር ደቂቃ የወጣንበትን ቀን አላስታውስም።

ምግብ ላይ እንጀራ ተዉ አይልም፣ እግዜር ይስጠው! ብዙ ጂም ስትገቡ የሚቀበላችሁ የክልክል ምግብ ዝርዝርና የፕሮቲን ዱቄት ሽያጭ ነው። እሱ እንጀራውን ቀንሱ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨምሩ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለኩ ነው የሚለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ የጾም ወጥ ነው ብለን ከጀሪካኑ ዝም ብለን ስንገለብጥ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን አስቡት። በጾም ጊዜ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትን በባዶ ሆድ ከባድ ብረት አያስነሳም፣ ወደ ማታ ያዛውራቸዋል። ረመዳን ላይም ለጿሚዎች ሰዓታቸውን ከአፍጥር በኋላ ያደርግላቸዋል።

ዘመድ ቤት "በሞቴ" ሲሉኝስ ምን ላድርግ ብዬ ጠይቄው ነበር። "ጉርሻውን ጉረሺ፣ የምትተይው የሚጨመርልሽን እንጀራ ነው" አለኝ። በዚህ መኖር ይቻላል። ኪሎም የሚለካው በወር አንዴ ነው። በየቀኑ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው የጠጣውን ውሃ ሁሉ ውፍረት እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል፣ ይሄንን ደግሞ በትዕግስት ነው የሚያስረዳው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሻወሩን እርሱት፣ የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቤታችሁ ነው የምትታጠቡት። የሴቶች ልብስ መቀየሪያው ጠባብ ነው፣ ቁልፍ ያለው ሎከርም ጥቂት ነው። ሙዚቃው ማታ ማታ ጆሮ ይበጥሳል፣ ቀንሱ ሲባሉ ቀንሰው ወዲያው ይመልሱታል። ያናደደኝ ግን የክፍያው ነገር ነው። የ3 ወር በቅናሽ ያስከፍላሉ፣ ለበዓል ወይም ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ግን የቀራችሁበትን አያስተላልፉም። ሰው ለዘመዱ ለቅሶ ሄዶ ብሩን መብላት ተገቢ አይደለም፣ ለባለቤቱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም።

ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት የሴቶች ብቻ ነው፣ እናቶች የሚበዙት ያኔ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ይጨናነቃል፣ ከቻላችሁ ሌሊት 11 ሰዓት ሲከፈት ግቡ። ስትመዘገቡ የአንድ ወሩን ብቻ ክፈሉ፣ ጥንድ እንዲሰጣችሁም ራሳችሁ ጠይቁት።