ለአባዬ ውሻ አሰልጣኝ ምስጋና፣ ለድሬና ለሐረር ልጆች ደግሞ ጥቆማ

ውሻ የሚያሠለጥን ሰው ለምትፈልጉ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚሠራ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። በዚያው በአደባባይ ላመስግነው፤ ፊት ለፊት ሳመሰግነው "አቦ ተይው!" እያለ ወሬ ይቀይርብኛል።

አባዬ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወስዶበት አሁን ብርሃንና ጨለማ ቢለይ ነው። የከዚራን ሠፈር በነጭ በትሩ ይዞራታል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥላም አለው። ፈተናው መጋላ ገበያ በኩል ነው፦ ባጃጁ፣ መሄጃው ላይ የተዘረጋው ሸቀጥ፣ ክዳን የሌለው ቦይ። ታላቅ ወንድሜ መንገድ ላይ እንዲያግዘው ከአዲስ አበባ የላብራዶር ቡችላ አመጣለትና ሻምበል ተባለ።

መጀመሪያ ያስመጣነው ሌላ ሰው (ማንነቱ ይቅር) የደረት መታጠቂያውን በጉልበት አጥልቆለት፣ ዘለበቱን ቆልፎ፣ "ይለምደዋል" ብሎ ሄደ። ሻምበል የለመደው መደበቅን ነው። ዘለበት ቀጭ ሲል ከሰማ አልጋ ሥር ነበር የምናገኘው።

ይሄኛው ልጅ ሲመጣ መታጠቂያውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ሻይ መጠጣት ጀመረ። በቃ። ውሻው ዕቃውን አየት ባደረገ ቁጥር የተቀቀለ ጉበት ቁራሽ ያገኛል፤ ቁራሹን የሚሰጠው ደግሞ አባዬ ነው። "እኔ እንግዳ ነኝ፣ አንተ ነህ ጌታው፤ ከአንተ እጅ ይልመድ" አለው። (የድሬ ልጅ ነውና አባቴንም "አንተ" ነው የሚለው። አንቱታ የለመዳችሁ የመሀል አገር ሰዎች እንዳትደነግጡ።)

ከማየት ወደ መቅረብ፣ ከመቅረብ በአፍንጫ ወደ መንካት አለፉ። ከዚያ የአንገቱን ቀዳዳ ከፍቶ ይይዝና ጉበቱን በወዲያ በኩል ያሳየዋል። ሻምበል ራሱ አንገቱን ካስገባ ይበላል፤ ወደኋላ ካለ መታጠቂያውም ወደኋላ ይላል። ማሳደድ የለም፣ መያዝ የለም። የዘለበቱን ድምፅ ለብቻው አስተማረው፦ መጀመሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሌላ ክፍል፣ ቀጥሎ ከበር ላይ፣ በኋላ ከጎኑ፣ መጨረሻ ከደረቱ ሥር። በየአንዳንዱ ቀጭታ ጉበት። ትምህርቱ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውሻው ገና ልጨምር እያለ ይዘጋዋል። እኔ በልቤ "ለዚህ ነው የምንከፍለው?" ስል ነበር። አሁን ዘለበት ሲሰማ ሮጦ መጥቶ አንገቱን የሚያስገባው እሱ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ሻምበል ታጥቆ ዝም ብሎ ሲቆም እናቴ "ጨዋ ሆነ" አለች። አሰልጣኙ ወዲያው ፈታለት። ዝም ማለት መስማማት አይደለም፤ ጅራቱን ከቀበረ፣ እንቅልፍ ሳይኖርበት ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ ጨንቆታል ማለት ነው አለን። እኛ ይህን በዓይናችን እናያለን፣ አባዬስ? እጁን ወስዶ ሻምበል ትከሻ ላይ አሳረፈለት። ጡንቻው ሲጠጥር፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ሲረጋጋም እንዴት እንደሚላላ በመዳፉ እስኪለየው ድረስ አለማመደው። ዛሬ አባዬ ከእኛ ቀድሞ "ደክሞታል፣ ፍቱለት" ይላል። ለዓይነ ስውር ሰው ውሻ ማሠልጠን ማለት ምን እንደሆነ የገባው ሰው ነው ያልኩት ያኔ ነው።

በልኩም አይቀልድም። በማሰሪያውና በገላው መሃል ሁለት ጣት መግባት አለበት፤ ቡችላ ስለሚያድግ በየጊዜው ይለካል። ብብቱን ሲፈትገው አይቶ ራሱ መጋላ ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ለስላሳ ቆዳ አስለበጠለት። አባዬ የሚይዘውን ጠንካራ እጀታ ያስገባው መጨረሻ ላይ ነው። መታጠቂያው ሲገባ ሥራ፣ ሲወጣ ጨዋታ፤ ሁለቱን አታደባልቁ ይላል።

የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። አስፋልቱ ከአየሩ በብዙ ይብሳል፤ የእጃችሁን ጀርባ አሳርፋችሁ ሰባት ሰከንድ ካልቻላችሁ የውሻም መዳፍ አይችልም። ስለዚህ የሚሠራው ማለዳና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ጫማም አለማምዶታል፣ አንድ አንድ እግር እያደረገ። አራቱን ያደረገ ቀን የሠፈሩ ልጆች በሳቅ ሞቱ።

ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ አሰልጣኙም እንደዚያው። በሻፊዒ መዝሀብ (ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ ነው) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፣ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ግቢውን ዞሮ አነጋገረ። ሰው ሲያልፍ ሻምበል በወዲያኛው ጎን ጠጋ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ማንንም እንዳይልስ አስተማረው። ለራሱም የሥራ ልብስ ለብቻ አለው፣ ከሶላት በፊት ይቀይራል። ከሁሉ ትቆጣለች ብለን የፈራናት ሀጂያ አሁን "ሻምበልን ለቀቅ አድርጉት፣ ሰውዬውን እያደረሰ ነው" እያለች ልጆቹን የምታባርር ሆናለች።

በሐቀኝነትም እመሰክርለታለሁ። "እኔ እንደ ፈረንጅ አገር ሙሉ መሪ ውሻ አላወጣም፣ በትሩን እንዳይጥል" አለን ከመጀመሪያው። መንገዱን የሚያውቀው ሰውየው ነው፤ ውሻው ዕንቅፋት ያዞራል፣ ከመሄጃው ጠርዝ ላይ ይቆማል። የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት በጀርመን ኦልደንበርግ በ1916 እ.ኤ.አ. በጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች እንደተከፈተ አንብቤለት አባዬ "ባቡር ድሬ ከገባ በ14 ዓመቱ ማለት ነው" አለ። ዓለምን በሙሉ በባቡር ነው የሚቆጥረው።

እንከኑንም ልንገራችሁ፦ ከምሳ በኋላ አትደውሉለት፣ የበርጫ ሰዓት ነው፣ አያነሳም። ቶሎ ይድረስልኝ ለሚልም አይሆንም። "ንከስ" አስተምርልኝ ካላችሁት ደግሞ ሻዩን ጨርሶ ይሄዳል።

ክፍያው በመጣበት ቀን ልክ ነው፣ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ አይጨምርም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ ካላየ አይጀምርም። መታጠቂያ ሳይለካ አትግዙ፣ ቡችላውንም አጥግባችሁ አትጠብቁት። ሐረርም ይወጣል፤ ጀጎል አካባቢ ግን ከመሸ አይሠራም፣ የጅብ ሽታ ባለበት ቡችላ ምንም አይገባውም ባይ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ለምኖኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስለ ውሻችሁ ዕድሜና ምን እንደሚያስፈራው ጨምራችሁ። እሱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።