ፎርት ወርዝ ላገኘናት የቤተ መዛግብት ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሳት

ሰላም ለሁላችሁ፣ በዳላስና በአካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ፎርት ወርዝ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በተለምዶ ናሽናል አርካይቭስ በሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ተመራማሪዎችን ታስተናግዳለች። ስሜ አደባባይ ላይ አይውጣ ስላለችን አልጠራውም። ሥራዋን ሳልናገር ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በእናቱ በኩል ዘሩ ከኦክላሆማ ነው። ሽማግሌ የላከ ጊዜ አባቴ እንደ ወጋችን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር አለው። በእናቱ በኩል አያቱ ጋ ደርሶ ቆመ። «ከዚያ በላይ ቸሮኪ ነበሩ ይባላል» አለ፣ በቃ። ቸሮኪ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው።

ይህች «ይባላል» ቤተሰቡን ስታከራክር ኖራለች። አማቴ ልጅ ሆና አያቷ በቸሮኪ ቋንቋ መዝሙር ሲዘምሩ ሰምታለች። ወንድሞቿ ግን «አሜሪካ ውስጥ ቸሮኪ አያት የለኝም የሚል ማን አለ?» እያሉ ያጣጥሉባት ነበር። የዲኤንኤ ምርመራ ተደረገ፤ የኔቲቭ አሜሪካን ዘር የሚባል አልታየም። የባለቤቴ አጎት ልጆችም በደማቸው ቸሮኪ የተባሉት የተጻፉበትን የደም መዝገብ ፈትሸው ስም አጡ። ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ፣ አማቴም ወሬውን ተወችው።

ፎርት ወርዝ ስንሄድ ሴትዮዋ ስለ ደም አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። የጠየቀችው «በ1900 ቤተሰቡ የት ነበር የሚኖረው?» ብላ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) አማቴ «ፎርት ጊብሰን አካባቢ» አለች። ሴትዮዋም «እስኪ የነጻ ወጪዎቹን መዝገብ እንየው» አለች፤ ከባርነት ነጻ የወጡትን ማለቷ ነው። እኔ እንዲህ የሚባል መዝገብ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ታሪኩን ያስረዳችን ቀስ ብላ ነው። ቸሮኪዎች በ1838 እና 1839 ከደቡብ ምሥራቅ አገራቸው ተገፍተው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ሲነዱ ሺዎች መንገድ ላይ አልቀዋል። ከእነሱ መካከል ባለጠጎቹ ጥቁር ባሮች ነበሯቸው። ባሮቹም ያንኑ መንገድ አብረው ተጓዙ። ልጆቻቸው ቸሮኪኛ እየተናገሩ፣ የቸሮኪን ምግብ እየበሉ አደጉ። የቸሮኪ ምክር ቤት በ1863 ባርነትን አስቀረ። በ1866 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል ደግሞ ነጻ የወጡትና ዘሮቻቸው የቸሮኪ ተወላጅ መብት ሙሉ በሙሉ ይኑራቸው አለ።

ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት የዶውስ ኮሚሽን መጣ። በ1893 የተቋቋመው የጋራውን መሬት ለየሰዉ ለማከፋፈል ነው። ለዚህም ሕዝቡን መዘገበ፤ ቸሮኪን ጨምሮ በአምስት ነባር ብሔሮች ከ100 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል። ጸሐፊዎቹ ሰዉን ለያይተው ነው የጻፉት። ቸሮኪ የሆነውን «በደም» ብለው ከነደሙ መጠን አሰፈሩት። ጥቁር የመሰላቸውን ደግሞ በነጻ ወጪዎች መዝገብ ከተቱት። አባቱ ቸሮኪ ቢሆን እንኳ የደም መጠን አይጻፍለትም። በደም መዝገቡ ውስጥ የኛ ሰዎች ስም የጠፋው ለዚህ ነው።

ካርዱን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። የአማቴ ቅድመ አያት ስም፣ ዕድሜያቸው፣ ከሥራቸው የልጆቻቸው ስም። የመጨረሻዋ ሕፃን ያቺ መዝሙር የምትዘምረው አያት ነች። ከስሙ አጠገብ «የማን ባሪያ» የሚል ረድፍ አለ። ሴትዮዋ እዚያ ጋ ስትደርስ አቆመች። ወደ አማቴ ዞራ «ይህን ላንብበው ወይስ ራስዎ ያዩታል?» አለቻት። አማቴ መነጽሯን ጠርጋ ራሷ አነበበችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ያን ያህል ጊዜ ማንም አላቻኮላትም።

ከካርዱ ጋር የሚሄድ የምስክርነት ቃልም አለ። በ1901 ፎርት ጊብሰን ላይ የኮሚሽኑ ሰዎች ቅድመ አያትየውን ጠይቀው የጻፉት ነው። የማን ነበርሽ? በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወዴት ተወሰድሽ? መቼ ተመለስሽ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የሞት ሽረት ነበር። በውሉ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ፣ ማለትም እስከ የካቲት 1867 ድረስ፣ ወደ ቸሮኪ ምድር ያልተመለሰ መብቱን ያጣል። ከእናታቸው ጋር ወደ ካንሳስ ሸሽተው እንደነበርና በ1866 መኸር ላይ እንደተመለሱ መልሰዋል። አንድ ጎረቤት መስክሮላቸዋል። ባለሙያዋ ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል አትማ ለአማቴ ሰጠቻት።

«ታዲያ ለምን ደበቁን?» አለች አማቴ። እኔም የምፈልገው መልሱን ነበር።

ኦክላሆማ ስቴት የሆነችው በኅዳር 1907 ነው። የስቴቱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ሕግ ጥቁሮችን በባቡር ለብቻ የሚያስቀምጥ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የአፍሪካ ዘር ያለውን ሁሉ ጥቁር፣ የቀረውን ሁሉ ነጭ አለ። ስለዚህ በደም መዝገብ ያለው ቸሮኪ በሕግ ፊት ነጭ ሆነ። ትናንት አብሮት ያደገው ነጻ ወጪ ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ቀረ። በመሬቱም ነገር፣ የነጻ ወጪዎች ድርሻ እንዳይሸጥ የነበረው ጥበቃ በ1904 መነሣት ጀምሮ በ1908 ጨርሶ ቀረ። መሬታቸው በነገር አዋቂ ነጋዴ እጅ ቶሎ ገባ። መሬት የሌለው፣ ወገንነቱን የሚቀበለው ያጣ ሰው ለልጁ ምን ብሎ ያውራ? እኔ አልፈርድባቸውም። መደበቅ ሳይሆን ሰሚ ማጣት ይመስለኛል።

ነገሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልለቀቀም። በ2007 የቸሮኪ ብሔር ዜጎች በሰጡት ድምፅ የነጻ ወጪዎች ዘሮች ከዜግነት እንዲወጡ ተወስኖ ነበር። በ2017 የፌዴራል ፍርድ ቤት የ1866ቱ ውል ይጸናል ብሎ ፈረደ። በ2021 የቸሮኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በደም» የሚለውን ቃል ከሕገ መንግሥታቸው አስወጣ። ዛሬ የቸሮኪ ብሔር ዜግነት የሚጠይቀው ስሙ በዶውስ መዝገብ ካለ ሰው በቀጥታ መወለድን ነው። የዲኤንኤ ውጤት አይቀበሉም። ይህን ያስረዳን ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት «ዘራችሁን አወጣላችኋለሁ» ብሎ ደህና ገንዘብ የበላን ሰው እንኳ አልነገረንም።

ሴትዮዋ እዚህ ላይ ሥራዬ አለቀ ማለት ትችል ነበር። ቁጭ ብላ ከአማቴ እስከ ሕፃኗ ድረስ የሚያያይዙትን የልደትና የሞት ምስክር ወረቀቶች አንድ በአንድ ጻፈችልን። የትኛው ከየትኛው ስቴት እንደሚታዘዝ፣ የትኛው በነጻ እንደሚገኝ ነገረችን። ማመልከቻው ታለኳ ወዳለው የቸሮኪ ምዝገባ ቢሮ ሄደ። መልሱ ጊዜ ወሰደ፣ ግን መጣ። አማቴ ዛሬ የቸሮኪ ብሔር ዜጋ ናት። ወንድሞቿም ወረቀታቸውን ይዘው ተከትለዋታል። አሁን ሴኮያ በ1821 የፈጠረውን የቸሮኪ ፊደል እየተማረች ነው። እንደኛው ሀ ሁ እያንዳንዱ ሆሄ ሙሉ ድምፅ ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊደል የቆጠረችው ልጄ ቀድማ ይዛዋለች። አያትና የልጅ ልጅ ማታ ማታ አብረው ያጠናሉ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአማቴን ጥያቄ ከራስሽ እናት ጥያቄ ሳትለይ ስላስተናገድሽን ውለታሽ አለብን።

ባል ወይም ሚስት፣ አማች ወይም ጓደኛ ከኦክላሆማ ያላችሁ ሁሉ ወደዚያ ሂዱ። መዝገቡን ማየት ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለኮፒ ነው። አስቀድማችሁ በኢሜይል ቀጠሮ ያዙ። የአያቶችን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዓመት፣ በ1900 የኖሩበትን ቦታ ጽፋችሁ ሂዱ። የቀብር ሥነ ሥርዓት ፕሮግራምና የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተጻፈ ስም ካለም ያዙ፤ በጣም ይጠቅማል። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ የዶውስን የስም ማውጫ በኦክላሆማ ታሪክ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በነጻ መፈለግ ትችላላችሁ። ስትፈልጉ በደም መዝገቡ ብቻ አትቁሙ፣ የነጻ ወጪዎቹንም እዩ። ግራ የገባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።